ሦስት ገብተው አንድ የወጣበት ቢሮ

ሟቹ ለባብሶ ነበር። ኢንስፔክተር ባዩሽን ከሁሉ አስቀድሞ የከነከናት ይኸው ነው።

ሰውየው መደገፊያው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ ክራቫቱ ታስሯል፣ አረንጓዴና ወርቃማ የክብር መቀነት ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ዳሌው ወርዷል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ከንፈሩ ግን ጠቁሯል፤ በጥርሶቹ መካከል አንዲት የወርቅ ቀለም ያላት ክር ቀርታለች። ክሯ የተመዘዘችው ክንዱ ሥር በሥርዓት ከተቀመጠችው፣ የሀገሩ ዓርማ ከተጠለፈባት ትራስ ነው። አፍኖ የገደለው ሰው ትራሷን መልሶ ቦታዋ አኑሯታል። ባዩሽ ክራቫቱን በእስክርቢቶ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ሸሚዙ ላይ የአፍ አረፋ ደርቋል፤ ክራቫቱ ላይ ግን ጠብታ የለም።

ዤርቬ ማቱንጋ ይባላል። ሉዌንጋ የተባለችውን የመካከለኛው አፍሪካ ሀገር ሃያ ስድስት ዓመት በፕሬዝዳንትነት ገዛ። የገዛ ወታደሮቹ ሲያባርሩት አርባ ምንጭ መጣና ሴቻ በሚባለው ሠፈር፣ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል ከሚያሳይ የኪራይ ቤት ገባ። ዘጠኝ ዓመት ኖረበት ማለት ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን አልኖረም፣ ገዛ እንጂ። በየማለዳው ካቢኔ ይሰበስባል። በቢሮው ግድግዳ ሥር ሰባት ባዶ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሚኒስትር ስም የተጻፈበት ካርድ አለ። ከሰባቱ አምስቱን ያስገደላቸው ራሱ ነው። ስማቸውን ይጠራል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ዐዋጅ ይፈርማል። ዐዋጁን የሚሰማ ሀገር ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

በዚህ ለመሳቅ የሚቸኩል ቢኖር ቆም ይበል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ለልጆቹ ያወረሰ ሕዝብ በየትኛው አፉ ይስቃል? ያን ተረት የፈጠረው ሌባ ነው፤ ያጨበጨበለት ተባባሪው ነው። ማቱንጋ ከዚህም ይብስ ነበር። መሻር የሚባለውን ቃል ከነአካቴው አያውቀውም።

«ነገሩ ያለቀ ነው፤» አለ አለቃዋ ኮማንደር ሀብተጊዮርጊስ። በቤቱ ደንብ መሠረት ቡት ጫማውን በረንዳው ላይ አውልቆ ሰማያዊ ሸበጥ አጥልቋል። እዚያ ቤት የሚገባ ሁሉ፣ ከጌታ እስከ ዘበኛ፣ የሚያጠልቀው ከሲቀላ ገበያ በደርዘን የተገዛውን ያንኑ ሸበጥ ነው፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ። «ሬሳውን የሚረከቡት ሰዎች ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ይደርሳሉ። ከነገዳዩ አስረክባለሁ።»

«ገዳዩ ማን ነው?»

«ዘበኛው ነዋ። ኮሪደሩን እዪው!»

ጠዋት ዝናብ ጥሎ ጉንዳን በበረንዳው በኩል ወደ ቤት ጎርፎ ነበር። የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ጸዳለ ከምሳ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወደ ቢሮው የሚያስገባውን ብቸኛ ኮሪደር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አመድ ነሰነሰችበት። ሽማግሌው ያኔ ወንበሩ ላይ ያሸልብ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ዘበኛው ኦይታ እንደ ወትሮው ሊቀሰቅሰው ገባ፣ ሞቶ አገኘው፣ እየጮኸ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አመዱን የረገጠ የለም፤ ፖሊሶቹም በግድግዳው ጥግ በተዘረጋ ሳንቃ ላይ ነው የተሻገሩት።

«ቁጠሪ፤» አላት ኮማንደሩ። «ጣቱ ወደ ውስጥ ያመለከተ ዱካ፣ ሦስት መስመር። ወደ ውጭ ያመለከተ፣ አንድ። መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ ነው። ሦስት ገብቶ አንድ ወጣ። የወጣው ኦይታ ነው፤ ራሱ አምኗል።»

«የቀሩት ሁለቱስ? በፍርግርጉ ተነኑ?»

«ሦስቱም የሱ ናቸው። ተመላልሷል።»

«ሦስት ጊዜ ገብቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ጌታዬ?»

«እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ?»

ጸዳለ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና አማተበች። «እንዲያው ትደክማላችሁ። ሰዎቹ ናቸው። የወንበሮቹ ባለቤቶች። ሁለቱ መጥተው ወሰዱት። የሞተ ሰው ሲወጣ መሬት አይረግጥም።»

ኮማንደሩ ሳቀ። ባዩሽ አልሳቀችም። የጫማ ዱካ ባየች ቁጥር ከጀርባዋ ሳል ትሰማለች። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ ፈቃደ የሚባል የቀን ሠራተኛን ጭቃ ላይ በቀረ ዱካ ወህኒ አስገብታው ነበር። እውነተኛው ገዳይ ሲያዝ ፈቃደ በሳንባ በሽታ ከሞተ አራት ወር አልፎታል። ችሎት ፊት ቆሞ ሲስለው የነበረው ሳል ግን አልሞተም። አሁንም ከኮሪደሩ ጫፍ ሰማችው።

ኦይታ ከማንጎው ዛፍ ሥር እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ከጋሞ ደጋ የወረደ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ሲናገር መሬት የሚያይ ሰው ነው።

«ትናንት ከሽማግሌው ጋር ተጣልተዋል ይባላል፣ አቶ ኦይታ። ጩኸት ተሰምቷል።»

«አልተጣላንም፣ እህቴ። እሱ ነው የጮኸ። ፈቃድ ስጠይቅ።»

«የምን ፈቃድ?»

«ለመስቀል አገሬ ልወጣ። ሀላቃ መርጠውኛል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ሀላቃ በደጋው አገር ሕዝብ መርጦ በትር የሚያስይዘው፣ ዘመኑን አገልግሎ ለተከታዩ የሚያስረክብ ሹም ነው። «ሰባት ቀን ቀረ። በደም የተጠረጠረ ሰው ዱቡሻ አይገባም። ሸንጎው ሜዳ ማለቴ ነው። ሌላ ይመርጣሉ፤ እሱስ ደግ። የኔን ቤት ግን ‹ጎሜ አለበት› ይሉታል። ነውር የነካው ቤት ነው፣ ከብት አይረባበትም፣ ልጅ አያድግበትም ይላሉ። ልጄን ማን ያገባታል?»

«ታዲያ ሽማግሌው ለምን ጮኹ?»

«ጠየቀኝ። ጌዲዮን እያስተረጎመ። ‹ሹመትህ እስከ መቼ ነው?› አለኝ። ‹ዘመኑ ሲሞላ እሰጣለሁ› አልኩ። ‹ማን ያባርርሃል?› ‹ማንም።› ‹ታዲያ የት ትሄዳለህ?› ‹ቤቴ። እንሰት አለኝ።› ‹እዚያ ማን ይገድልሃል?›» ኦይታ ራሱን ነቀነቀ። «‹ማንም አይገድለኝም፣ ጎረቤት ነኝ› አልኩት። ያኔ ጮኸ። ‹ሰው ሹመት ይተዋል? ቆሞ ይተዋል?› አለ። ደጋግሞ አለ። ከዚያ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይታይም፤ ወጣሁ።»

የሟቹ ሚስት ማዳም ሴሊን ከሲቀላ የገዛችውን ሙዝና ዓሣ ገና ከዘንቢሉ አላወጣችም። ባጃጅ በር ላይ ያወረዳት ከጩኸቱ በኋላ ነው፤ ነጂውም ዓሣ ሻጩም መስክረውላታል። አማርኛዋን የተማረችው ከገበያ ነው።

«አላለቀሱም፣ ማዳም።»

«ለቅሶ ጨረስኩ። በቤተ መንግሥት ጨረስኩ። እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት በባሌ ቢሮ የሰው ጀርባ አላየሁም። ፊት፣ ፊት፣ ፊት ብቻ! ፊት ሁሉ ይስቃል። ለሱ ጀርባ የሚሰጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ አገር አንድ ጀርባ!»

«ምሳ ላይ ምን ለብሰው ነበር?»

«ሸሚዝ፣ እስከ ሆድ ክፍት። ሙቀት ነው። መቀነቱ? መቀነቱ፣ ክራቫቱ፣ ቢሮው ሣጥን ነው። ሣጥን አይቆለፍም። ማን ይሰርቀዋል፣ ዓሣ ሻጭ?»

አስተርጓሚው ጌዲዮን የጡረተኛ አስተማሪ ልጅ፣ የከተማው ሰው ነው። ከሰዓት በኋላውን በግቢው ጠባብ ቢሮ ብቻውን ሲተይብ እንደነበር ተናገረ። ያየው የለም።

«ባለፈው ሳምንት በጥፊ መትቶሃል።»

«ሁለቴ። ግራና ቀኝ። ከሰቀላቸው ሚኒስትሮች የአንዱ እናት ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ‹ልጄን የት እንደቀበርከው ንገረኝ› ትላለች። እንዳለ አነበብኩለት።»

«ልትገድለው አላሰብክም?»

«ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ጠራኝና መልስ አስጻፈኝ። ቦታውን ነገራት፤ የዛፉን ዓይነት ሳይቀር።» ድምፁን ቀነሰ። «ከዚያ ወዲህ ካቢኔውን ሲጠራ ከንፈራቸውን የሚያይ ይመስል ነበር። ‹እሺ፣ ሰማሁ› ይላል፤ ለባዶ ወንበር። አንገቴ ሥር ይቀዘቅዘኝ ነበር።»

«ዘጠኝ ዓመት እዚህ እንዴት ቻልከው?»

«የከበደኝ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። የፕሮቶኮል ሹሙ ኮምባ የቤተ መንግሥቱን አወጣጥ ላስተምርህ ብሎ ሲያለማምደኝ ደፉ አደናቀፈኝና በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ሽማግሌው እንባው እስኪፈስ ሳቀና ‹የዚህን አገር ሰዎች ተዋቸው› አለ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው ነው የምወጣው።»

ባዩሽ ይህን ጻፈች። ከማዳም ሴሊን ቃል ሥር ነበር የጻፈችው፤ ሁለቱን እያነጻጸረች ብዕሯን ነከሰች።

ኮምባ መጨረሻ ላይ ገባ። ሰባ ዓመት የሞላው፣ በዚያ ሙቀት ነጭ ጓንት ያጠለቀ፣ የዐዋጆቹ ሰነድ የሚቆለፍበትን የብረት ቁም ሣጥን ቁልፍ በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው ነው። አማርኛው ከመጽሐፍ የተለቀመ ነው።

«ከምሳ በኋላ ተኝቼ ነበር፣ የተከበሩ ኢንስፔክተር። የዘበኛው ጩኸት ቀሰቀሰኝ።»

«ከሟቹ ጋር ስንት ዓመት ሠሩ?»

«ከክቡርነታቸው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት።»

«ያኔ የነበረው ሥርዓት እዚህም ይጠበቃል?»

ጓንቱን ጎተት አደረገ። «ስደተኛ ፕሮቶኮል የለውም። ሁሉም አየር ማረፊያው ላይ ቀረ።»

«መቀነቱን ማን አለበሳቸው?»

«ምናልባት ራሳቸው። ታላቅ ሰው ሞቱን ያውቃል።»

ፀሐይ ወደ ደጋው ስታዘቀዝቅ ባዩሽ ሳንቃው ላይ ተንበርክካ አመዱን መረመረች። የመጀመሪያው መስመር የማንኛውም ገቢ ዱካ ነው፤ ተረከዙ ጠልቋል፣ የተገፋው አመድ ከኋላው ተቆልሏል። የኦይታ መግቢያም እንዲሁ። ሦስተኛው መስመር ግን ሌላ ነበር። ጣቶቹ ጠልቀዋል፣ እርምጃው አጭር ነው፣ የተገፋው አመድ የተቆለለው ከጣቶቹ ፊት ለፊት ነው። በሦስት ቦታ ደግሞ፣ በቢሮው ደፍ፣ በመሐልና በኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ገጥመው ቆመዋል።

ሸበጥ አጠለቀች። ከጸዳለ አመድ ለምና በረንዳው ላይ ነሰነሰች። ረገጠች። ጎንበስ ብላ አየች። ደግማ ረገጠች፤ ይህን ጊዜ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። የወንበሮቹ ባለቤቶች መጥተው ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ጸዳለ፣ ለነገ ጠዋት አንድ ባልዲ አመድ አዘጋጂልኝ።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ትናንት ማታ ሆስፒታል ገብቷል። አሮጌው አመድ ፎቶ ተነስቶ ተጠርጎ፣ ባዩሽ ቀድማ ከገባች በኋላ አዲስ አመድ ተነስንሷል። ኮማንደሩ፣ ጸዳለ፣ ጌዲዮን፣ ማዳም ሴሊን፣ ካቴና ያልተፈታለት ኦይታና ኮምባ፣ ስድስቱም በዚያው ኮሪደር ገቡ። ባዶው ወንበር ላይ የክብር መቀነቱ በወጉ ተዘርግቷል።

«ይህ ሁሉ ለምንድን ነው? መኪናው እየመጣ ነው!» አለ ኮማንደሩ።

«እያንዳንዳችሁ የነበራችሁበትን እዚህ ሆናችሁ አረጋግጡልኝ፤» አለች። በየተራ አረጋገጡ። ደብተሯን ዘጋች። «ጨርሻለሁ። በረንዳው ላይ ጠብቁኝ።»

ጸዳለ እያማተበች ቀደመች። ጌዲዮን፣ ማዳም ሴሊን፣ ኦይታ፣ ሸበጡን የሚጎትተው ኮማንደር ተከተሉ። ኮምባ የመጨረሻው ነበር። ባዩሽ በረንዳው እስኪደርሱ ጠበቀችና ከውስጥ ጮኸች፤

«እዚያው ቁሙ! ጌታዬ፣ ዱካውን ይቁጠሩልኝ። ትናንት እንደቆጠሩት።»

ኮማንደሩ እያጉረመረመ ጎንበስ አለ። በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኗል። «ሰባት ገብቶ አምስት ወጥቷል... ግን እኮ ስድስታችንም ገብተን ስድስታችንም እዚህ ነን!»

ኮምባ አመዱን አየ፤ ከዚያ እግሮቹን፣ የሌላ ሰው እግሮች ይመስል።

ባዩሽ በሳንቃው ላይ ተሻግራ መጣች። «ትናንትም እንዲሁ ነበር። ሦስት ሰው አልገባም። ሁለት ገብቶ ሁለት ወጣ። አንዱ አቶ ኦይታ ነው፤ ገባ፣ አየ፣ ዞሮ ሮጠ። ሌላው ከሱ በፊት ገብቶ ገደለ፤ ሲወጣ ግን አልዞረም። ፊቱን ለሬሳው ሰጥቶ ወደ ኋላው ተራመደ። የኋሊት የሚሄድ ሰው ጣቱ ቀድሞ ያርፋል፣ አመዱንም ወደ ፊቱ ይገፋል። ሦስት ቦታ እግሩን ገጥሞ ቆሟል። እጅ ሲነሳ ነው። በጥርሱ ክር የቀረበትን ሬሳ ሦስት ጊዜ እጅ ነስቶ ወጣ።»

«በስመ አብ!» አለች ጸዳለ።

«ማዳም፣ ‹የሰው ጀርባ አላየሁም› ያሉኝ ይህን ነው?»

«ይህን ነው፤» አለች ሴሊን፣ ዓይኗን ከኮምባ ሳትነቅል። «ከኔ በቀር ሁሉ የኋሊት ይወጣል።»

«እርስዎ የመዞር መብት ነበረዎት፤ ደግሞም ሲቀላ ነበሩ። ጌዲዮን ሲሞክር ተዘርግቶ ወድቋል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዞሮ ነው የወጣው። ጸዳለና አቶ ኦይታ ከመጀመሪያውም አልተማሩትም። ቀጥሎ ልብሱ አለ። አረፋው ሸሚዙ ላይ ደርቋል፣ ክራቫቱ ላይ የለም። ስለዚህ ክራቫቱ የታሰረው ከሞተ በኋላ ነው። የተናደደ ዘበኛ የገደለውን ሰው ክራቫት አያስርም። ገዳዩ ሟቹ እንደ ፕሬዝዳንት እንዲገኝ ፈልጓል። ለምን? ፕሬዝዳንት መሆኑ ሊቀር ስለነበር ነው። አቶ ኦይታ ‹ቤቴ እሄዳለሁ› ባለው ማግስት ሽማግሌው ያንኑ ሊያደርግ ነበር።»

«ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አለ ኮማንደሩ። ድምፁ ግን የትናንቱ አልነበረም።

«ኮምባ አንገት ላይ ነው። በየቀኑ ዐዋጅ የሚፈርም ሰው ሥልጣኑንም የሚተወው ፈርሞ ነው። ለሬሳ ጀርባውን መስጠት ያልቻለ ሰው የሬሳውን ፊርማ አያቃጥልም። ቁልፉን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው የፕሮቶኮል ሹም ጓንቱን አወለቀ። ቁልፉንም ራሱ፣ በሁለት እጁ፣ አቀረበላት።

ወረቀቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ በመጨረሻው አቃፊ፣ ተራ ቁጥሩን ጠብቆ ተቀምጧል። የሞቱ ዕለት ቀን ተጽፎበታል፣ ተፈርሟል፤ ማኅተም ብቻ ይጎድለዋል። ጌዲዮን አስተረጎመው። «እኔ ዤርቬ ማቱንጋ የፕሬዝዳንትነት ሥልጣኔን ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ። ማንም አላባረረኝም። ቆሜ ፈረምኩ።»

ኦይታ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጠርቶኝ ነበር፤» አለ ኮምባ ቀስ ብሎ። «‹ማኅተሙን አምጣ፣ ኮምባ፤ እንደ ዘበኛው ቤቴ ልሂድ› አለ። ቤት! እነዚያ ሁሉ ሰዎች የሞቱት ለምን ነበር ታዲያ? እኔ የመጨረሻውን በር የከፈትኩላቸው ለምን ነበር? ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን ፕሬዝዳንት አንድ የደከመ ሽማግሌ ሊገድልብኝ መጣ። ፕሬዝዳንቱን አዳንኩት። በሥልጣኑ ላይ አረፈ።»

«ያዳኑት ወንበሩን ነው፤» አለች ባዩሽ። «በሕይወቱ አንድ ቀን ሰው ሊሆን ነበር። እርስዎ ለሰባቱ ባዶ ወንበሮች ስምንተኛ ጨመሩላቸው። ይህን ንጹሕ ሰው ደግሞ በእርስዎ ፈንታ ሊያስሰቅሉት!»

ኮምባ ወደ ኦይታ ዞሮ አየው፤ እስከዚያች ደቂቃ ስለ እሱ ያሰበ አይመስልም። ኮማንደሩ ካቴናውን ከዘበኛው እጅ ፈታ።

በመስቀል ዕለት ባዩሽ ደጋ ወጣች። ጉም የቀርከሃ ቤቶቹን አናት ሸፍኗል፤ አባያ ከታች ቀይ ውሃውን ዘርግቶ አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል። በሸንጎው ሜዳ ላይ ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ያለፈው ሀላቃ፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ፣ በትሩን ለኦይታ ሰጠው። ከዚያ ዞረ። ለአዲሱ ሹምም ለሕዝቡም ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቀስ እያለ ሄደ። ማንም አልደነገጠም። ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ እንደ ማንኛውም ጎረቤት መሐላቸው ተቀመጠ።

ሳል ተሰማ። ባዩሽ ክው ብላ ዞረች። የሳለው ያ ሽማግሌ ነበር፤ ብርዱ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሰው ጋቢውን አለበሰው። ሌላ ሳል አልነበረም። ጆሮዋን ሰጥታ ብዙ ጠበቀች፤ አልነበረም።

ሲበተን ኦይታ ወደ እሷ መጣ። አናቱ ላይ የተቀባው ቅቤ በግንባሩ ይወርዳል።

«መጣሽ፣ እህቴ። ዘመኔ ሲሞላም እንዳትቀሪ።»

«ያኔ ደግሞ ምን ለማየት?»

ኦይታ በትሩን ሣሩ ላይ ተከለና ሳቀ። «ጀርባዬን ታያለሽ።»